ሳይሰበር የተመረመረው ቦይለር

የገለታ ቦይለር ምርመራውን አለፈ! ዛሬ ጠዋት እንፋሎት ሞሉበት፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት! አካም ጅርታ ሸዋዬ፣ ደህና ነሽ?

ነቀምቴ እንደደረስኩ ወንድሜ ገለታ በእንፋሎት የሚሠራውን አዲሱን የዘይት መጭመቂያ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ኢቢሳ የሚባል መርማሪ የቦይለሩን ብየዳ ቅባት ቀብቶ፣ ሳሙና የምታህል መሣሪያ እያንሸራተተበት "ውስጡ ደህና ነው" ይላል። ሳይሰብረው እኮ ነው! በድምፅ ይታወቃል አሉኝ። እኛስ ኑኑ ቁምባ ገበያ ጋን የምንገዛው በጣታችን አንኳኩተን አይደል? ስንቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ቤት ሲገባ አፈሰሰብን! ገለታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቆመው እዚያው ቦይለር ጥግ ነው፤ ቢፈነዳበትስ?

በያጁን ደረሳን ጠጋ ብዬ "ውስጡ ክፍተት ያለው ቁራጭ ብረት በይድና ቀለም ቀባልኝ" አልኩት። ኢቢሳ ምንም ሳያውቅ መረመረና "ደህና ነው" አለ።

"ያዝኩህ!"

"አዴ ድርቤ፣ ቀለሙ ይሆናል፤ ልፋቀውና ልየው" አለ ደንግጦ። ፍቆ ሲያየው ክፍተቱን አገኘው።

"የቦይለሩንስ ቀለም ፍቀህ ነበር?" ብለው መፋቂያውን ይዞ ወደ ቦይለሩ ሄደ። ፍቆ እንደገና ሲመረምር ስንጥቅ ተገኘ! ደረሳ በየደው፤ ሌላ መርማሪም የኢቢሳን ውጤት ሳይነገረው አይቶ አሳለፈው። እኔ እንደሆን አሁንም ራቅ ብዬ ነው የምቆመው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጅሽን ሲናን ሳሚልኝ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይ። ገለታ ለመጭመቂያው ምርቃት ለሚደግሰው ድግስ ያንቺም ፆም ስለሚፈታ ሰበብ የለሽም፤ የገና ማግስት ሁላችሁም ነቀምቴ እንድትገኙ!