የዳጉሳው ማሳና የውሸቱ ጉድጓድ

ውድ ወንድሜ ቶንጌሳይ፣

ዛሬ ጠዋት ወደ አልጋህ ዞሬ «ተነስ፣ ውሃ የመቅዳት ተራው ያንተ ነው» ልልህ ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ። እማዬ ትናንት ወደ ጆሃንስበርግ ሥራዋ ተመለሰች። ለቀብርህ የመጡት ዘመዶችም ሄደዋል። ቤቱ ውስጥ ማንም ስለሌለ፣ በሕይወት ሳለህ የደበቅኩህን አሁን ልንገርህ።

የታሪክ መምህራችን የሰጠንን ድርሰት ታስታውሳለህ? «የአገራችን የጥንቶቹ የሮዝቪ ነገሥታት ነጮችን እንዴት ሊቋቋሙ ይችሉ ነበር?» የሚለውን። እኔ ስለ ጠመንጃና ስለ ድንጋይ ግንብ ስጽፍ፣ አንተ ለአካፋህ እጀታ እየጠረብክ ሳቅክብኝ።

«አንተ ቀለሜ፣ ጠመንጃውን ከየት ልታመጣላቸው ነው? ይልቅ አያታችን የነገረንን ጻፍ።»

አያታችን ይል የነበረው፣ ወርቅ ሲገኝ ንጉሡ ጉድጓዱን አስደፍኖ ዳጉሳ ያስዘራበት እንደነበር ነው። ያገኘው ሰው እስኪሞት አይናገርም። የት እንደሚቆፍር ያላወቀ እንግዳ ደግሞ ደክሞት ይመለሳል። አገሩ በሙሉ እንዲያ ዝም ቢል ኖሮ ነጩ አይቆይም ነበር አልከኝ። ጻፍኩት። ጥፋቴ እዚያ ላይ አለማቆሜ ነው። መምህሩ እንዲያደንቀኝ ብዬ መጨረሻው ላይ ምስጢራችንን፣ «እኛም ዘንድ እንዲህ የተደፈነ ጉድጓድ አለ» ብዬ ጨመርኩበት። መምህሩ ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው። ደስ አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰሌዳ የሌላት ፒክአፕ መንገዳችን ላይ መቆም ጀመረች። ለማን እንደተናገርኩ ስትጠይቀኝ ለማንም አልኩህ። ረጅም ጊዜ አየኸኝ፤ ደግመህም አልጠየቅከኝም። ያወቅክ ይመስለኛል።

ከዚያ ከኮረብታው ማዶ፣ ምንም በሌለበት አሸዋ ላይ መቆፈር ጀመርክ። አንድ ጉድጓድ ካገኙ ሌላ አይፈልጉም አልከኝ። ስትቆፍር ሰው እንዳያይህ ቺሲን መረጥክ፤ መሬት የምታርፍበት፣ ማንም ዶማ ይዞ የማይወጣበትን ቀን። ልከተልህ ስል መለስከኝ።

«ቺሲን ከቤታችን አንድ ሰው ከሻረ ይበቃል። አንተ አጥና።»

አሸዋው ሲናድብህ ጩኸትህን የሚሰማ አንድም ሰው ማሳ ላይ አልነበረም። መንደሩ ቺሲን ስለሻርክ መሬት ቀጣችህ ይላል። እኔ ነኝ ጥፋተኛው አላልኩም።

ዛሬ ገና ገንፎዬን ሳልጨርስ ፒክአፗ ደጃችን ቆመች። የቆዳ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ወርዶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ትከሻዬን ያዘ።

«ልጄ፣ ወንድምህ ወርቁን ያገኘው የት ነው?»

እውነተኛውን ጉድጓድ የሸፈነው ዳጉሳችን ከጀርባው ነበር፤ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ሰውዬውንና አብረውት የመጡትን ኮረብታውን አዙሬ የሞትክበት ቦታ ወሰድኳቸው። ሦስት ጎረምሶች ገመድና አካፋ አወረዱ። አንዱ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ እያፏጨ ነበር። ሰውዬው የጉድጓዱን አፍ በጫማው ጫን ሲለው አሸዋው ተንሸራተተ።

«አሁንስ አፈሩ ረግቷል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው።

ተመልሼ ዶማህን አንስቼ ዳጉሳውን መኮትኮት ያዝኩ። የአካፋቸው ድምፅ ከማዶ ይሰማኝ ነበር፤ ፉጨቱም። ፀሐይ አናቴ ላይ ሳትደርስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቆሙ። ዶማህን ይዤ አዳመጥኩ። ከዚያ መኮትኮቴን ቀጠልኩ።

የነገርከኝን የማይረሳው ወንድምህ፣
ሺንጊራይ