ሁለተኛው ቁልፍ ያንተ ነበረ

ውድ ወንድሜ ጋሻው፣

ይህን የምትጽፈው ልጄ ሀረገወይን ናት። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳታሳምረው ነግሬአታለሁ። ደህና መሆንህን ልጅህ ጽጌ ነግራኛለችና ጤናህን አልጠይቅም። አንተ ሳን ሆዜ፣ እኔ ኦክላንድ፣ በአንድ አውቶቡስ መንገድ ሦስት ዓመት ተደባብቀን ኖርን። ተሳሳትኩ፤ የተደበቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። የጥምቀት ለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይህ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ ብያለሁ። ያ ጫማ ማሰሪያ የለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ሀረግ «አባዬ፣ ሳን ሆዜ ሚቲንግ አለ፣ ስለ ኒውክሌር ነው፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ጋብዛናለች» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ድሮ ወታደር የነበረ ፈረንጅ ይናገራል፤ ሀረግ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች።

«ፕሬዚዳንቱ ከፈለገ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ብቻውን ቁልፉን ይጫናል ነው የሚለው።»

«ቁልፍ ይዞራል እንጂ ይጫናል እንዴ?»

«ይሄኛው የሚጫኑት ነው፣ አባዬ። እንደ መብራት።»

«እሺ ይጫን። ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ሁለተኛ የለም።»

«እንዴት የለም? ጠይቂው!»

«አባዬ፣ ሰው እያየን ነው...»

«ይየን! ጠይቂው ብያለሁ።»

ጠየቀችው። ሰውዬው ሊስቅ ብሎ ተወው። ከታች ሚሳይሉን የሚያስነሡት ሁለት ናቸው፣ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው፣ አንዱ ብቻውን ምንም አያደርግም አለ። ትእዛዙ ግን ከላይ የአንድ ሰው ነው፤ እጁን የሚይዝ የለም። ማሽኑ ደግሞ ተሳስቶ የሌለ ሚሳይል መጣ ብሎ ያውቃል። ሌላ አገር ሳይተኩስ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን ሳያስማማ ቀድሞ እንዳይተኩስ ሕግ ይውጣ ብለው ፊርማ ያሰባስባሉ።

«ታች ሁለት፣ ላይ አንድ?» አልኩ። «የእኛ ጦር ሰፈር የእጅ ቦምብ መጋዘን እንኳ ሁለት ጓጉንቸር ነበረው! እኔ ነኝ የጠበቅሁት።» ሀረግ ስትተረጉመው ወደ መድረኩ ና አሉኝ። ወጣሁ። እኔ መቼ ና ተብዬ ቀርቼ አውቃለሁ?

እንደ ልማዴ ጀመርኩ። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሻለቃው «ወንድምህን ከወንዙ ማዶ ያሉት አረዱት» ተባለ። ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ፤ መጋዘኑን ክፈቱ፣ መንደሩን አቃጥለዋለሁ አለ። አንዱ ቁልፍ እኔ ባዩ ጋ፣ ሌላው ጋሻው ጋ ነው። «ከሁለታችን አንዱ እምቢ አለ» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሀረግ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከራሷ አንድ ቃል ጨመረች፤ አባቴ ነው እያለቻቸው ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ከልጅነቷ ጀምሮ ነግሬአታለሁ። ለእናቷም ነግሬአለሁ። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ለማን አልነገርኩም?

ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ አየሁ፤ ግንባሯ ያንተ ግንባር። ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። ወደ ሀረግ ዞርኩ።

«ሀረግ፣ እንዲህ በያቸው፤ የከለከለው እኔ አይደለሁም። እኔ የራሴን ጓጉንቸር ከፍቼ ጨርሼ ነበር።»

አፈጠጠችብኝ።

«ተርጉሚ!»

አሁንም ይህን ስትጽፍ እጇ ቆሟል። ጻፊ።

ቁልፉን ከመስቀልህ ጋር ማተብህ ላይ እንዳሰርከው ነገርኳቸው። ሻለቃው በጥሱ ሲል ወታደሮቹ የሰው ማተብ አንበጥስም ብለው ወደ ኋላ አሉ፤ እኔ ግን ጩቤውን ተቀብዬ ክሩን ያዝኩ። ማተብ ምን እንደሆነ ለፈረንጅ ለማስረዳት ሀረግን ያላባት ላብ! 

ከዚያ ወዲያ ያለውንም ነገርኳቸው፤ አሁን ግን ለራስህ ነው የምናገረው። ክሩን እንደያዝኩ «ባዩ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ጢሜን ሳትላጨኝ አንገቴን እንዳትቆርጠው» አልከኝ። ሳቄ መጣ። በዚያ ሰዓት ሳቅ! ጩቤው ከእጄ ወደቀ። ያዳነኝ ደግነቴ እንዳይመስልህ፤ ቀልድህ ነው። አብረን ታሰርን። ከቀትር በኋላ የሻለቃው ወንድም ሰርግ ውሎ፣ በጭነት መኪና ሁለት ፍየል ጭኖ፣ ፏ ብሎ ደረሰ። ማዶ ያን ቀን ገበያ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሸምቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ ምን ሊደርስበት እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

እኔ ግን በዚያ እስር ማዕረጌን ስላስቀረህብኝ እልኸኛ ብዬ ሰደብኩህ። ከዚያ ታሪክህን ሰረቅሁ።

ከመድረክ ስወርድ ያቺው ልጅ፣ ሀረግን የጋበዘቻት ያንተዋ ጽጌ፣ ውሃ ይዛ መጣች። «ጋሼ ባዩ፣ ይጠጡ። አባዬ ያ ወሬ በእርስዎ አፍ ሲወራ ነው የሚያምረው ይላል።»

«ያውቃል?»

«ኧረ ድሮ! ይስቃል እኮ። "ባዩ እኔን ሆኖ ሲያወራ ከእኔ ይበልጣል" ይላል። ግን ለምን አይመጣም ብሎ ይከፋዋል።»

እዚያው ወንበር ላይ ተዘረጋሁ። ከስልሳ ስድስት ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ያጎበጠኝን አንተ ስትስቅበት ኖረሃል! ተናደድኩም፣ ቀለለኝም። የቀለለኝ ይበልጣል። ሀረግም እስከ ኦክላንድ ሳታናግረኝ መጥታ፣ በር ላይ ስንደርስ «ጩቤውን የጣለውም አባቴ ነው» አለችኝ። ይበቃኛል።

የፊርማው ጠረጴዛ ጋ አንዷ ስምዎን ይጻፉ ስትለኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንኩ። ይሄ ይቆጠራል ወይ ብላ ተጨነቀች። በዚህ ጣት የቦምብ መጋዘን ይከፈት ነበር አልኳት። ግን ልክ ነች፣ ብቻውን አይበቃም። መዝገባችንን ታስታውሳለህ፤ የእኔ አሻራ፣ ከጎኑ ያንተ ፊርማ፣ ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሌላ ቅጽ ለምኜ ወሰድኩ። አሻራዬ አለበት፤ ከጎኑ ቦታ ትቻለሁ። በፖስታ አልልከውም። ስትፈርም አጠገብህ መቆም አለብኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ያንኑ ማሰሪያ የሌለውን ጫማ ነው የማደርገው። ጎንበስ ስል ካየኸኝ ጉልበትህን ልስም ነው።

ወንድምህ ባዩ
ስሜን የጻፈችው ሀረግ ናት፤ አሻራው የእኔ ነው።