ኩሬው አይደፈንም

እኔ ቬልማ ሆልክዊስት፣ የሟቹ የሮይ ሆልክዊስት ሚስት፣ ዛሬ ቅዳሜ ጃንዋሪ 14 ቀን 2017፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በሚገኘው የፓራሹት ዝላይ ሜዳችን፣ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ የመጨረሻ ፈቃዴን እናገራለሁ። ልቤ ደም መግፋት አቅቶታል፤ እግሮቼ አብጠዋል፤ ሐኪሜም ተስፋ እንዳልቆርጥ በሚመክረኝ ድምፅ ተስፋ አስቆርጦኛል። አእምሮዬ ግን ቦታው ላይ ነው። የሚጠራጠር ካለ የዛሬውን ነፋስ ይጠይቀኝ፤ ከወንበሬ ሳልነሳ በመስኮት አይቼ እነግረዋለሁ። ነፋሱ ስለበረታ አውሮፕላናችን ዛሬ አልተነሳችም፤ ሁለቱም ልጆቼ አጠገቤ የተቀመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ለእኔ ሲሉ ቅዳሜን የሚሠዉ ሰዎች አይደሉም።

ቃሌን የሚጽፈው ጠበቃዬ ጄራልድ አበርናቲ ነው። ምስክሮቼ ጎረቤቴ የብርቱካን ገበሬው ኤርኔስቶ ባራሃስና ጡረታ የወጣችው ነርስ ጓደኛዬ ሉሲንዳ ፕራይስ ናቸው። አበርናቲ አስቀድሞ ያረቀቀውን ወረቀት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ በሰው ቋንቋ ስላልተጻፈ መለስኩለት። «ወይዘሮ ቬልማ፣ ሕጉ የሚፈልገው እንዲህ ነው» ቢለኝ፣ ሕጉ የሚፈልገውን ከላይና ከታች ጻፍበት፣ መሐሉ የእኔ ነው ብዬዋለሁ። በዚህ ክፍል የሚነገረው ሁሉ፣ ጠብም ቢሆን፣ ይጻፋል።

አንደኛ፤ ሬሳዬን በተመለከተ። ይቃጠል፤ አመዴንም በሜዳችን ልማድ ዘላዮች ሰማይ ላይ ይበትኑት። አደራ የምለው፣ በታኙ ከሌሎቹ በታች ሳይሆን በላይ ይሁን፤ ሰው ቁልቁል ሲወርድ አመድ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በሮይ ጊዜ ይህን ዘንግተን የባሌን ሩብ ያህል የዋጥኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ መኖሪያ ቤቱና አውሮፕላኗ ለልጄ ለትሩዲ ይሁኑ። አውሮፕላኗን የምታበርራት እሷ፣ የምትጠግናት እሷ፣ ስትታመም አብራት የምታድረውም እሷ ናት። ሞተሩን ስታባብለው ሰምቻታለሁ፤ እኔን እንደዚያ አባብላኝ አታውቅም። ቢሆንም አባቷ የሞተ ሰሞን ማንም ሳይጠራት ሥራዋን ትታ መጥታ ይህን ሜዳ ከመሸጥ ያዳነችው እሷ ናትና ይገባታል። ይህን በአፌ ነግሬያት ስለማላውቅ አሁን በወረቀት ትስማው።

ሦስተኛ፤ ሜዳውና የአውሮፕላኗ ማደሪያ ሃንጋሩ ለትሩዲና ለወንድሟ ለዴሪል በእኩል። ከተጣሉም ሳይሸጡት እዚያው ይጣሉበት። ለኤርኔስቶ የሣር ማጨጃ ትራክተሩን ልተውለት አስቤ ነበር፤ አበርናቲ ምስክር ውርስ ባይቀበል ይሻላል ስላለኝ፣ ከብርቱካን ዛፎቹ ላይ ያወረዳቸውን ተማሪዎቻችንን ሁሉ እየሰደበ በመኪናው ስለመለሰልን በቃል ብቻ አመሰግነዋለሁ። ደግሞም በሜዳችን አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለሁሉም አንድ ሳጥን ቢራ ይገዛል። መሞት ለእኔ የመጀመሪያዬ ነውና ቢራው በእኔ ሒሳብ ይገዛ። አበርናቲ ይህም ይጻፍ ወይ ብሎ ጠይቋል፤ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ኩሬውን በተመለከተ። ጠቡ ያለው እዚህ ነው።

ኩሬውን ሮይ ያስቆፈረው በፍጥነት ለሚያርፉት ዘላዮች ነው። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ፓራሹት ይይዛሉ፤ መሬት ሲቃረብ ሌላው ሰው ቀስ ብሎ ለመውረድ ሲሰናዳ እነሱ አጥብቀው ይጠመዘዛሉ። ፓራሹቷ ቁልቁል ትወረወራለች፤ ልክ በጊዜው ቀና ካለች ፍጥነቱ ሁሉ ወደ ፊት ይዞራል፤ ሰውየውም የውኃውን ፊት በእግሩ ጣት እየሰነጠቀ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። በጊዜው ቀና ካላለች ግን መሬት ላይ ነው የምትፈጠፍጠው። ውኃ ከመሬት ይልቅ ስለሚምር ነው ኩሬ የተቆፈረው። ስለ እኛ የማያውቅ ሰው አንዱ መሞቱን ሲሰማ «ፓራሹቱ አልተከፈተም?» ብሎ ይጠይቃል። ተከፍቶ ነበር። አንድም እንከን አልነበረበትም። ሰውየው ነው መሬት በጣም ከቀረበ በኋላ፣ በእኛ አነጋገር ዝቅ ብሎ፣ የታጠፈው።

ልጄ ዴሪል ባለፈው ማርች፣ ውድድር በነበረበት ቀን፣ ዝቅ ብሎ ታጠፈና ከኩሬው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ዳሌውና ጭኑ ተሰበረ። አሁን በከዘራ ይሄዳል። እንዲህም ሆኖ በሚመጣው ጸደይ በዚያችው ትንሽ ፓራሹት እወዳደራለሁ ይላል። ትሩዲ ደግሞ ኩሬው ይደፈን ትላለች። ዛሬም እዚሁ ፊቴ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ እኔ እሱን ይዤ ወጥቼ፣ ተመልሼ ሬሳውን አላነሳም። ወይ ኩሬው ይደፈን ወይ አብራሪ ይፈልግ።»

እኔ በዚህ ሜዳ ሰዎችን ማረፍ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ የማስበውን ሁሉ ልናገር። አደጋ የለውም የሚል ውሸታም ነው። እብደት ነው የሚለውም አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩሬው ዳር ቆሞ አላየም። ሰው በገዛ አካሉ ሲያደርገው ካየሁት ነገር ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ልጄ ሲያደርገው ደግሞ ፍርሃቴና ኩራቴ አንድ ላይ ይመጡብኝ ነበር። ሮይ ዕድሜውን ሙሉ ከሰማይ ዘልሎ የሞተው ጸጉሩን ሊስተካከል ፀጉር ቤት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሰውን ቤት አስቀምጦ ከሞት ማዳን ይቻላል ብዬ አላምንም።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ጭብጨባው ነው። አንዱ ልጅ ዝቅ ብሎ ይታጠፋል። መሳሳቱ ይገባዋል፤ የፓራሹቱን የፍሬን ገመድ ጨምድዶ ይጎትትና ከመሬት ጥቂት ሲቀረው እንደምንም ይተርፋል፤ ውኃውን ወደ ላይ እየረጨ ያልፋል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለው ሕዝብ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ቀጥሎ ሌላው ከትክክለኛው ከፍታ ይታጠፋል፤ ሳይንገዳገድ፣ ሳይረጭ፣ ጸጥ ብሎ ያልፋል፤ ሕዝቡ ሳንድዊቹን ይገምጣል። ታዲያ ወጣቱ ከሁለቱ የትኛውን ይማራል? ከሞት ለጥቂት ማምለጥን ችሎታ የሚሉ ሰዎች ከእኛ ሌላ አላውቅም። እኔ ለእንደዚህ ያለው ማምለጥ አጨብጭቤ አላውቅም፤ ዴሪልም በዚህ ተቀይሞኛል። ሰው ሁሉ ሲያደንቀኝ እናቴ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች እያለ ለሉሲንዳ ማማቱን አውቃለሁ።

ፈቃዴ ይህ ነው፤ ኩሬው አይደፈንም። ቢደፈን ዴሪል ማንም ወደማያውቀው ሌላ ሜዳ ይሄዳል፤ እዚያም ዝቅ ብሎ ሲታጠፍ የሚገሥጸው የለም፤ የሚያጨበጭብለት ግን ሞልቷል። እዚህ ቢያንስ ኩሬው ዳር ቆሞ እውነቱን የሚነግረው ሰው አለ።

ይህን ስናገር ዴሪል ወደ እህቱ ዞሮ «ሰማሽ?» አላት። ትሩዲ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች፤ ወጥታ የምትቀር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እዚያው ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔም ዴሪልን አትቸኩል፣ ገና አልጨረስኩም አልኩት።

አምስተኛ፤ ትንሿን ፓራሹት በተመለከተ። ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ከነጭቃዋ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ናት። ዴሪል የት እንዳለች ያውቃል፤ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ንብረቷ የእሱ ስለሆነ ልናዘዛት አልችልም፤ የምችለው መመለስ ብቻ ነው። አበርናቲ ሌላ ዘዴ አሳይቶኝ ነበር። ዴሪል በፍጥነት ካረፈ ከሜዳው ድርሻውን ያጣል ብለን እናስርበት አለኝ። አልተቀበልኩትም። ልጄን በመሬት ገዝቼ ላስቀምጠው አልሻም፤ መሬቱ ላይ ተቀምጦ ሲረግመኝ ይኖራል፤ አለዚያም ተሸፋፍኖ ሌላ ቦታ ይዘልላል። ይሁን እንጂ ፓራሹቷን ከመመለሴ በፊት በምስክሮች ፊት አንድ ነገር ጠየቅኩት።

«ዴሪል፣ የወደቅክ ዕለት ምን ሆነህ ነው?»

«እማዬ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ነፋሱ ነው የጣለኝ።»

«እኔ ኩሬው ዳር ነበርኩ እኮ። የነፋስ መጠቆሚያው ጨርቅ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር።»

ኤርኔስቶ ጫማውን መመልከት ጀመረ። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ነፋሱን ሲያማ ነው የከረመው፤ የተሰበረን ሰው ውሸታም ማለት ስለሚከብድ እኔም ዝም ብዬ ነበር። ሳልሞት ግን መስማት አለብኝ አልኩት። አልቆጣህም አልኩት። ስህተቱ የራሱ የሆነ ሰው ያርመዋል፤ ነፋሱ ነው ያለ ግን ምኑን ያርማል? ነገም እዚያው ከፍታ ላይ እንደዚያው ይታጠፋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የፓራሹቷ ትንሽነት ሳይሆን ይህ ነው።

ዴሪል ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ ጭኑ ላይ አጋደመው። እንዲህም አለ፦

«ሳልታጠፍ ነው ያወቅኩት። ከፍታ መለኪያዬን አይቻለሁ፤ ዝቅ ብያለሁ። ቀጥ ብዬ መጥቼ ማረፍ እችል ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፣ እማዬ። ሁልጊዜ እንደማመልጠው አመልጣለሁ አልኩ።»

ትሩዲ ከበሩ ዞረች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ግን የቁጣ አልነበረም።

«ይሄን ሁሉ ወር ነፋሱ፣ ነፋሱ ስትል ከረምክ» አለችው። «አብራሪዋ ማን ነች? በዚያ ነፋስ ይዤህ የወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የሰበርኩህ እያልኩ ነው ማታ ማታ የምተኛው።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«እኔማ ምንም አላደረግኩም ለካ።»

ዴሪል ይህን አላወቀም ነበር። እኔም እናቷ አላወቅኩም፤ ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ኩሬው ይደፈን የምትለውን ወንድሟን እንደ መጥላት ተርጉሜው ነበር። ዴሪል ለመነሳት ሞከረ፣ እግሩ እንቢ አለው፤ ትሩዲ መጥታ ወንበሩ ክንድ ላይ ተቀመጠች፣ እሱም «ይቅር በይኝ» አላት። ሉሲንዳ መድኃኒቴን አቀበለችኝ፤ እኔም የማለቅሰው በልቤ ሕመም እንዳይመስላቸው ለሁለቱም እወዳችኋለሁ አልኳቸው። በዚህ ቤት ብዙ ጊዜ የሚባል ቃል ስላልሆነ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ቀጥሎ ሉሲንዳ ፓራሹቷን ከቁም ሣጥኔ አውጥታ ዴሪል ጉልበት ላይ አኖረችለት። ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ መልሼለታለሁ። ምክሬን ግን አብሬ ሰጥቼዋለሁ፤ ምክር ግዴታ አይደለምና ቢጥለውም ድርሻው አይነካም። ልጄ ሆይ፣ ወደ ዝላይ ከተመለስክ ቀስ ብሎ በሚያወርደው በትልቁ ፓራሹት፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለህ በማረፍ ተመለስ። ከመውጣትህ በፊት ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ኩሬው ዳር ለሚቆመው ሰው ንገረው፤ ካረፍክ በኋላም ያየውን ይንገርህ፣ አትከራከረው። ከፍታህ ካነሰ አትታጠፍ። ሕዝቡ ይሰላች፤ አንተ አሰልቺ ሆነህ ግባ። ትሩዲ ሆይ፣ ወንድምሽን ይዘሽ ውጪ ብዬ አላዝሽም፤ አውሮፕላኗ የአንቺ ናት። ሌላ ሰው ስላጠፋው ጥፋት ግን ከእንግዲህ እንቅልፍሽን አትጪ።

ይኸው የተናገርኩት ሁሉ ተነቦልኛል። አበርናቲ አንዳንድ ቦታ ሊያሳምረው ሞክሮ ነበር፤ ወደ ቦታው አስመልሼዋለሁ። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ቃል ካለ በዚህ ተሽሯል። ማንም አላስገደደኝም፤ ያስገድደኝ የነበረው ሮይ ብቻ ነበር፣ እሱም አልተሳካለትም።

ተናዛዥ፦ ቬልማ ሆልክዊስት (ፊርማ)

እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው፣ ተናዛዧ በሙሉ አእምሮ ሲናገሩና በእጃቸው ሲፈርሙ አይተናል፤ እኛም በፊታቸው ፈርመናል።

ምስክር፦ ኤርኔስቶ ባራሃስ (ፊርማ)
ምስክር፦ ሉሲንዳ ፕራይስ (ፊርማ)
ቃሉን የጻፈ፦ ጄራልድ አበርናቲ፣ ጠበቃ (ፊርማ)

ወራሾቹ በተናዛዧ ፈቃድ በገዛ እጃቸው የጨመሩት፦

እኔ ዴሪል ሆልክዊስት ትንሿን ፓራሹቴን ከእናቴ ተረክቤያለሁ። በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ክፍል፣ እንድታስቀምጥልኝ ለእህቴ ለትሩዲ አስረክቤያለሁ፤ እኔ ጋ ከዋለች እዘልባታለሁና። (ፊርማ)

ተረክቤያለሁ። እግሩ ሲድን በትልቁ ፓራሹት እኔው ይዤው እወጣለሁ። ትሩዲ ሆልክዊስት (ፊርማ)