የዓርብ ከሰዓቱን የእንግሊዝኛ ጨዋታ ይመለከታል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

በቅድሚያ እርስዎም፣ ጸሐፊዎም፣ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ የጠበቅኩበት የቢሮዎ ሶፋም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሃያ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት የሕሙማን ካርድ ሳወጣና ስመልስ የኖርኩ፣ ከአራት ወር ወዲህ ግን በእርስዎ መልካም ፈቃድ የስፌት ክፍል ኃላፊ የሆንኩ፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ግን እስከ ዛሬ የሚያላበኝ ሰው ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በሰላም አርፈው እንዳይረበሹ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጨዋታው ላመሰግንዎ ይገባል። በየሳምንቱ ዓርብ በሻይ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሰብስበውን ወረቀት ሲያድሉን «ጨዋታ ነው፣ ዘና በሉ» ብለው ነበርና እኛም ዘና አልን። የወጥ ቤት ኃላፊው ዶሮን «ኪችን»፣ የገዛ ማዕድ ቤቱን ደግሞ «ቺክን» ብሎ ጽፎ አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ፣ እሱ ራሱ እንባው እስኪፈስ ስቋል። ቢላዋ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊቱ ላይ የማይነበብ ፊደል እንደሚቀመጥ የነገሩን ዕለት ደግሞ እትዬ ቁልፍ እጃቸውን አውጥተው «ካልተነበበ ምን ሊሠራ ከፊት ተቀመጠ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ወደሚቀጥለው ቃል አለፉ፤ እኛም ከፊት ወንበር ወደተቀመጡት ኃላፊዎች ላለማየት አንገታችንን ደፋን።

እትዬ ቁልፍን ምናልባት በመልክ አያውቋቸው ይሆናል። የቀዶ ሕክምና ጋውን፣ የአልጋ አንሶላ፣ የሕፃናት መጠቅለያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፉልን እሳቸው ናቸው። ስማቸውም የወጣው በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አቁመው የተንጠለጠለ ቁልፉን ሳይተክሉ ስለማይለቁ ነው። እርስዎንም አንድ ጊዜ አቁመውዎታል፤ ግራጫው ኮትዎ፣ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ።

ሁለተኛ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቀርብ አስቤ ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ስለሆነብኝ እንዳለ ልንገርዎ። በመጨረሻው ዓርብ፣ ሲነገሩ ሁሉም «ሶ» የሚባሉ፣ ሲጻፉ ግን የሚለያዩ ሦስት ቃላት ሰጡን፤ አንዱ መስፋት፣ አንዱ ዘር መዝራት፣ አንዱ «ስለዚህ» ማለት ነው። መስፋት የሚለውን እንድናከብ ታዘዝን። እትዬ ቁልፍ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የእኔ የትኛው ነው?» አሉኝ። እኔ፣ መልሱን የማውቀው ሰው፣ ወረቀቴን በክንዴ ሸፍኜ «እትዬ፣ ኩረጃ ክልክል ነው!» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁና ዘር የሚዘራውን አከበቡ።

ከአሥር ቀን በኋላ ይኸው ጨዋታ ስሙን ቀይሮ «የቋንቋ ብቃት ምዘና ውጤት» በሚል ርዕስ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከሃያ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ እትዬ ቁልፍ ሰባት። አዲሶቹ የስፌት መኪኖች መመሪያቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ወደ ስፌት ክፍል፣ እሳቸው ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛወርን። «ጨዋታው ፍትሐዊ ነበር፣ ሁሉም የተሰጠው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው» ያሉኝን ቃልዎን በአክብሮት መዝግቤዋለሁ።

መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። መኪናው ግን ክር ይበጥሳል። የሰፋኋቸው ጋውኖች ማሰሪያቸው እየተገነጠለ ሐኪሞቹ ጀርባቸውን በፕላስተር እያጣበቁ ይገባሉ፤ አዋላጇም የሕፃናቱን መጠቅለያ ከቤቷ ማምጣት ጀምራለች።

ባለፈው ወር ጨንቆኝ እትዬ ቁልፍን የጋውኑን ማሰሪያ አሰፋፍ በምሳ ሰዓት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አላኮረፉም፤ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። በረኪናው ጣቶቻቸውን ልጦ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ እንደ ቆዳ ደርቆ አየሁ። መርፌውን ሦስት ጊዜ ጣሉት። አራተኛው ላይ ያዙትና መስፋት ጀመሩ፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ነጠብ ሲል ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው መወጋታቸው አልተሰማቸውም። «እትዬ፣ እጅዎ!» ስላቸው ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጠው አዩትና «ተወው ልጄ፣ ሄዷል» ብለው ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ ለቅልቀው ወደ ማጠቢያቸው ተመለሱ። «የእኔ የትኛው ነው?» ያሉኝ ዕለት ክንዴን ባነሣ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ይህ ጥያቄ ግን ለእርስዎ አይደለም።

ስለዚህ እትዬ ቁልፍን ወደ ቦታቸው ይመልሱልን ብዬ አልጠይቅዎትም። ቢመልሷቸውም የሚሰፉበት እጅ የለም። የቆዳ ሐኪማችን አይቷቸው ጭንቅላቱን ከመነቅነቅ በቀር ያዘዘው ነገር አልነበረም። ይህ ደብዳቤ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ አውቄ የጻፍኩት፣ ቢያንስ የሆነው ነገር በሚገባን ቋንቋ ተጽፎ እንዲገኝ ነው።

ለሰጡን መዝናኛ ሁሉ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ለከፍተኛ ሹመት የሚያበቃዎትን ዕድሜ የምመኝልዎ፣

የስፌት ክፍል ኃላፊ፣ በአሥራ ዘጠኝ ነጥብ

ማስታወሻ፦ «ተቀብያለሁ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ትክክለኛ አጻጻፉ የተጠየቀበትን አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ሰሞኑን በመዝገበ ቃላት አመሳከርኩት፤ አራቱም ምርጫዎች ስህተት ናቸው። ከመላው ሠራተኛ ባዶ የተዉት እትዬ ቁልፍ ብቻ ነበሩ፤ ቃሉን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጨርቅ መረከቢያ ቅጽ ላይ ሲያዩት ስለኖሩ «አንዱም እሱን አልመሰለኝም» አሉ። እኔ ከስህተቶቹ አንዱን አክብቤ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ይህንኑ ለቢሮዎ ባመለክት፣ ቅሬታው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካልቀረበ እንደማይታይ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድተውኛል።