አባትሽ የጫነው ሴራሚክ

ልጄ ሩሐማ፣ ጌታ ሐዋሳ ላይ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ በሰው አገር፣ ቡሪየን ዝናቡ አላባራም። አንቺም ሥራ ብለሽ ሳትበዪ አትዋዪ።

የአባትሽ አሮጌ ፒክአፕ ነዳጅ ቶሎ ሲጨርስብኝ፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር ወዳለው መካኒክ፣ ወደ ዑቕባሚካኤል ወሰድኩት። ጎማውን ነፋ፣ የአየር ፊልተሩን ቀየረ። ከዚያ የኋላውን ሸራ ገለጠና፣

«እትዬ የምሥራች! ይህን ሁሉ ሴራሚክ ተሸክሞ ምን ነዳጅ ይበቃዋል? ምነው ሳያወርዱት ቀሩ?» አለኝ።

አባትሽ ወደ ጌታ ከመሄዱ በፊት ለንጣፍ ሥራው በገዛ እጁ የጫነው ነው። ስምንት ወር ማንንም አላስነካሁም። ያን ቀን ግን ከዑቕባሚካኤል ጋር አንድ በአንድ አወረድነው። ሶ፣ አሁን ነዳጁ ይበረክትልኛል።

እባክሽ ልጄ፣ ስትደውዪ ታለቅሳለች ብለሽ የአባትሽን ስም መጥራት አትተዪ። ላልቅስ፤ ይቀለኛል። ጸጋው ይብዛልሽ።

እናትሽ የምሥራች