ዘጠኙን መልሼልሻለሁ

ጎንደር፣ ቀሐ
ታኅሣሥ 16 ቀን

ማክሰኝት ላለሽው ለታላቅ እህቴ ይድረስሽ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ? ያ የላክሁልሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን ብለሽ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? አያ በላቸው እንዴት ናቸው? ጤፉ ተወቅቶ ገባ? ዘንድሮ ዝናቡ ያለ ወጉ ዘግይቶ ስለዘነበ እህሉን እንዳያበላሽባችሁ ስሰጋ ነበር። ላሟ መውለዷን ልጅሽ ሚስጥር ነግራኛለች፤ እንኳን ማርያም ማረቻት።

እኔ ጤና ነኝ። ጥር ሊገባ ነውና ሥራ በዝቶብኛል። የሙሽራው፣ የሚዜው፣ ለጥምቀት የሚለበሰው ሁሉ እዚህች አንድ ክፍሌ ውስጥ ተቆልሎ ለእኔ መቀመጫ እስኪጠፋ ድረስ ነው። የስፌት ማኪናዬ እንደ እኔው አርጅታ ታቃስታለች እንጂ አልከዳችኝም። እሷ እንኳ አልከዳችኝም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስልክ ብደውል አታነሺም። ስታነሺም ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ትለቂውና የምፈልገውን ሳልናገር ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ጻፍኩ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ምናልባት ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ብዬ የሸክላዎቹን ሠሪ ስም አልጠራም፤ ሠሪዋ እያልኩ አልፋለሁ። የማን እጅ እንደሆነ ለአንቺ አይነገርም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ አንቺ እንደሆነ ሲመችሽ ትረሻለሽ። ጥቅምት ላይ መጣሽ። ሚስጥር የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የባህል ቀን ሊያከብር ነው፣ ልጅቱም የአክስቴን ሸክላዎች ካላሳየሁ ብላ መቀመጫ መቆሚያ ነሳችኝ አልሽ። እኔ እነዚያን ዘጠኝ የሸክላ ምስሎች ለማንም አውሼ አላውቅም። ፈረንጅ መጥቶ ዋጋውን አንቺው ጥሪው ሲለኝ የሚሸጥ የለኝም ብዬ ሸኝቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ለሕዝብ እናሳያቸው ብለው ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘው የመጡትንም ከበር ነው የመለስኳቸው። ሠሪዋ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ከእሷ የቀረኝ ያ ብቻ ነበር፤ ጣቷ ያረፈበት ጭቃ።

ለአንቺ ግን ሰጠሁ። ዘጠኙንም ከስፌት በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀለልኩ አንድ በአንድ አስረከብኩሽ። አንበሳውን፣ ከበሮ መቺውን ቄስ፣ ጥጥ የምትፈትለውን አሮጊት፣ ያቺን አንገቷ የረዘመ ዶሮ፣ ሁሉንም። አደራ አልኩሽ። እንደ ዓይኔ ብሌን አልሽኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የሰጠሁሽ ለባህል ቀን ብዬ አይደለም። ሠሪዋን ከቀበርናት ጀምሮ እነዚያን ነገሮች በእጅሽ ነክተሽ አታውቂም ነበር። ቤቴ ስትመጪ እንኳ ለመደርደሪያው ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምትቀመጪው። ያን ቀን ግን ቄሱን አነሣሽው፣ አገላበጥሽው፣ እጇ ሸጋ ነበር አልሽ። ከሄድሽ በኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ። እህቴ ታረቀቻት አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ነገር ሰማሁ ብዬ በነጋታው ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ስለት አስገባሁ። ሞኝነቴን እይልኝ።

ከዚያ ኅዳር ላይ ደወልሽ። የባህል ቀኑ በሰላም አለቀ፣ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ቤቴ ቆዩ፣ መንገድ ሲከፈት ልልክልሽ ስል ባጃጁ ማክሰኝት መውጫ ላይ ተገልብጦ ሁሉም ዱቄት ሆኑ አልሽ። ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ እኔው አጽናናሁሽ። ሰው አልተጎዳም ወይ፣ ዋናው ነፍስ ነው አልኩሽ። አንቺም ተክቼልሻለሁ፣ አንድም አላጎደልኩብሽም አልሽኝ። በሦስተኛው ቀን አያ አለበል ካርቶኑን በሚኒባሱ አደረሰልኝ።

ካርቶኑን ስከፍት ዘጠኝ ናቸው። አንበሳ አለ፣ ቄስ አለ፣ ዶሮ አለ። ወይ ጉድ፣ ምን ያህል ተቸግራ ፈልጋቸዋለች ብዬ አዘንኩልሽ። አቧራውን ላራግፍ በእርጥብ ጨርቅ ስነካቸው ጨርቁ ጠቆረ። አሸተትኩት፤ የጫማ ቀለም ነው። አሮጌ እንዲመስሉ የጫማ ቀለም ቀብተሻቸዋል። ለመንገደኛ የሚሸጡ ናቸው እታለም፤ አንበሳው ውሻ ይመስላል፣ ቄሱም ከበሮውን እንደ ሻንጣ ነው ያንጠለጠለው።

ይህንንም ዋጥኩት። ሸክላ መሰበሩ አይቀርም፤ ሠሪዋ ራሷ ገበያ ወርዳ ስትመለስ የተሰበረባትን እያየች ትስቅ አልነበር? እህቴ የባሰ እንዳላዝን ብላ ነው፣ ዘዴ አጥታ ነው አልኩ። የጫማ ቀለሙን ለማንም አላወራሁም። መደርደሪያው ላይ ግን አላወጣኋቸውም፤ አልጋ ሥር አስገባኋቸው።

ያለፈው ማክሰኞ ሚስጥር የሠርግ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ወገቧን በስፒል እየያዝኩላት ሳለ ዓይኗን አየሁት፤ ልታለቅስ ነው። ምነው፣ ጠበበሽ? አልኳት። አልጠበበኝም አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ አለች። እንግዲህ እየነገርኩብሽ ነው፤ ልጅቱን እንዳትቆጪ። አንቺ ያሸከምሻትን ነው ያወረደችው።

ባጃጅ የሚባል ነገር የለም። የተገለበጠም የለም። ሸክላዎቹ ቡፌሽ ላይ እንደተደረደሩ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ሳይታሰብ ከቀጠሮው ቀድመው መጡ። ከእነሱ አንዱ፣ አያ ሰውአገኝ፣ ዓይናቸው ቡፌው ላይ አረፈና የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። ሌላ አላሉም፤ የማን እጅ ነው ብቻ። ያን ጊዜ አንቺ ማንም ሳያስገድድሽ ምን አልሽ?

«የእህቴ ነው፤ እሷ እንዲህ ያለውን ትለቃቅማለች። እኛ ዘር ባለእጅ የለም።»

ሚስጥር ቃል በቃል ነው የነገረችኝ። አስደገምኳት፤ ያንኑ ደገመችልኝ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሁሉንም ጆንያ ውስጥ ከተሽ፣ ጓሮ አውጥተሽ፣ በዘነዘና ቀጠቀጥሻቸው። ስብርባሪውን ቦይ ውስጥ ደፋሽው። ልጅሽ በመስኮት እያየችሽ ነበር። ምን ሆነች ብላ ልትጠይቅሽ ፈርታ እስከ ማክሰኞ ሆዷ ውስጥ ይዛው ከረመች።

ቆይ፣ የሚያሳዝነው ገና አላለቀም። አያ ሰውአገኝ ሲወጡ በር ላይ ለሚስጥር ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ? ልጅ ሆነው እናታቸውን ተከትለው ገበያ ሲወርዱ እንዲህ ያለ ሥራ ያዩ እንደነበር፣ ለልጅ ልጃቸው አንድ አንበሳ የሚገዙበት ቦታ ታውቂ እንደሆነ ጠየቋት። ሽማግሌው የፈለጉት አንበሳ ነበር እታለም። አንቺ ግን የሚከተለውን ቃል አስቀድመሽ ሰማሽው። ባለእጅ ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ያንን ቃል። አልፈርድብሽም፤ ልጅ ሆነን ወንዝ ስንወርድ ከኋላችን ሲባል እኔም ሰምቼዋለሁ፤ አንቺ እንስራሽን ጥለሽ ሮጠሻል፣ እኔ ድንጋይ ወርውሬያለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

ብትሰብሪያቸው እምርሽ ነበር። ብትሸጪያቸውም ተጣልቼ፣ ተሳድቤ፣ በፋሲካ እታረቅሽ ነበር። መካድሽ ነው ያቃጠለኝ። ዘመዶቿ በሙሉ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ያቺ ሴት ለምን እንደቀረች እኔና አንቺ እናውቃለን። ጎረቤቶቿ እቃቸውን አስረው በሌሊት ሲነሡ እስከ መንገዱ ሸኝታ ተመልሳ ጭቃዋን ማቡካት ጀመረች። ተጠመቀች፣ ጾመች፣ ማዕተብ አሰረች፤ ለማን ብላ? በዚያ በተሰነጣጠቀ እጇ ጀበናና ድስት ሸጣ ማንን አስተማረች? አንቺ ያን እጅ ነው የለም ያልሽው። ለእኛ ሲል ተጠብሶ የኖረ እጅ የማንም አይደለም አልሽ።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። አንቺን ሊያጩ የአያ በላቸው ሰዎች ሲመጡና ትውልዳችሁ ከወዴት ነው ሲሉ፣ ከእንፍራንዝ፣ የገበሬ ልጆች ነን ስትዪ አጠገብሽ ቆሜ አዎን ብያለሁ። ሠሪዋ ያን ቀን ወጥ ቤት ነበረች። ወጥ የምትሠራ የሰፈር ሴት ናት ተብላ፣ በሰው ፊት ሳትወጣ፣ አንቺን ዳረችሽ። ሰምታናለች፤ ማማሰያውን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ማታ እግሯን አጠብኳት። እሷ ከማለፏ በፊት አንድ ቀን ይቅርታ እጠይቃታለሁ እያልኩ ሳልጠይቃት ቀረሁ። እነዚያን ሸክላዎች በየሳምንቱ ስወለውል ያንን ነበር የምጠይቃት። አሁን ምን ልወልውል?

ስለዚህ ዘጠኙን ዛሬ በአያ አለበል መልሼልሻለሁ። ከደብዳቤው ጋር ይደርሱሻል። አያስፈልጉኝም፤ የጫማ ቀለሙን አጥቤልሻለሁ፣ ቡፌሽ ላይ ደርድሪያቸው፣ ማንም የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅሽም። ሌላም እንዳትፈልጊልኝ። ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር፣ ወለቃ ድረስ ሄደሽ አሮጌ ነገር ብታገኚ እንኳ አታምጪልኝ። የሰው ዕቃ በዕቃ ይተካል፤ ይኼ ግን የእኔ ዕቃ ብቻ አልነበረም፣ ግማሹ የአንቺው ነበር።

ሠርጉን አልቀርም። ቀሚሱን እኔ ሰፍቼ እኔ እቀራለሁ ማለት አይሆንልኝም፤ ሚስጥርም ምን በደለች። ግን ከእናት ወገን ዘመድ ተቀምጦ በሚመረቅበት ሰዓት እንደ ሃያ አምስት ዓመቱ አጠገብሽ ቆሜ አዎን እንድልልሽ አትጠብቂ። አንደበቴ እንቢ ብሎኛል። እስከዚያው አሥራ ሰባት ቀን አለሽ። ልጅሽን ብቻዋን አስቀምጠሽ ለመናገር አሥራ ሰባት ቀን ብዙ ነው፤ ለመዋሸት አንድ ደቂቃ በቅቶሽ የለ?

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ዘጠኙን በሙሉ የቀጠቀጥሽ መስሎሻል። ስትቀጠቅጪ አልቆጠርሽም። አንዷን ሚስጥር ሥዬ ለተማሪዎቼ ላሳያት ብላ ከሽማግሌዎቹ መምጣት በፊት መኝታ ክፍሏ አስገብታት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጅ ያዘለችዋ ሴት ናት። አጎንብሳ የምትሄደው፣ በአንድ እጇ ከኋላዋ የልጇን እግር የያዘችው። ሠሪዋ ሌሎቹን ለገበያ ነበር የሠራቻቸው፤ ይህችን ግን ለገበያ አውጥታት አታውቅም። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ዓመት እንደ ሠራቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች።

ሚስጥር ፊቷን አቅርባ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አክስቴ፣ የሴትዮዋ አንገት እማዬን ይመስላል አለች። ከዚያ በጣቷ የሕፃኗን ራስ ነካ አድርጋ ይህችስ የታዘለችው ማን ናት? ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ ላይ መጥቶ ነበር እታለም። ዋጥኩት። እናትሽን ጠይቂያት አልኳት። በጨርቅ ጠቅልዬ መልሼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። እስከ ቅዳሜ እኔ ጋ ናት፤ ያን ዕለት ይዛት ቤት ትገባለች።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለልጅሽ ሠርግ በእልልታ ያቁምሽ። ቤትሽን፣ ከብትሽን፣ አያ በላቸውን ይጠብቅልሽ። ለመናገርም አንደበት ይስጥሽ፤ ለእኔም ይቅር የሚል ልብ ይስጠኝ፣ ዛሬ የለኝምና።

አንቺ ከዚያ ጀርባ ከወረድሽ በኋላ የታዘልኩት፣
ታናሽ እህትሽ