ክብ አናት ያላቸው ድንጋዮች

ዘሂና እህቴ፣

እናትሽ መቃብር ላይ ዱዓ እንዳደርግልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ደሴታችን እንደደረስኩ ሄድኩ፤ የመቃብር ቦታው ግን የለም። የዘንድሮው ማዕበል ጠርጎ ወስዶታል። አክስቴ ሳኪናና ጎረቤቶቿ ከውሃው ያተረፏቸውን የመቃብር ድንጋዮች መስጊዱ ግድግዳ ሥር ደርድረዋቸዋል። አንዳንዱ አገራችንን ሱልጣኖች ይገዙ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የቆመ ነበር። አሁን ስሙን ሁሉ ጨው በልቶታል። አናቱ ሹል የሆነው የወንድ፣ ክቡ የሴት ከመሆኑ በቀር የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እንግዶች ግን «ሲያምር!» እያሉ ፎቶ ያነሳሉ።

«የዘሂና እናት የትኛዋ ናት?» አልኳት አክስቴን።

«እኔ በምን አውቄ! ክብ ክቡን ሁሉ እናቴ እያልኩ ነው ቁርአን የምቀራላቸው። ድንጋዩ ተረፈ፣ ከሥሩ የተቀበሩትን ባህር በላቸው። እኔንማ እዚህ እንዳትቀብሩኝ!»

እኔም እንደሷ ለሁሉም ቀራሁ። እኛ ዋና ከተማው ማሌ ውስጥ በባህር መከላከያ ግንብ ታጥረን ባህሩን እንረሳዋለን፤ እዚህ ግን ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ካርዱን ግን ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፊው፤ ከፊቱ ባለው ፎቶ ላይ አንዲት ሴትዮ የምትዋኝበት ሰማያዊ ውሃ፣ መቃብሩ የነበረበት ቦታ ነው።

ነሺዳ